ከተጻፈው ይልቅ የተወራው፦ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ሴቶች ተረትና እውነታ

በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር የመጽሐፍ ቅዱስ ሴቶች እንግዳ አይደሉም። ሴት ልጆች ሐና፣ ሩት፣ አስቴር፣ ማርታ፣ ሶስና ተብለው ይጠራሉ፤ ወር በገባ በ21 በእመቤታችን ስም ዝክር ይዘከራል፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም፣ በጽዋ ማኅበርም፣ በሠርግ ምርቃትም ከእነዚህ ሴቶች የአንዷ ስም ሳይነሣ አይቀርም። ስም ማወቅ ግን ታሪክ ማወቅ አይደለም። ብዙ ሰው ስለ እነርሱ የሚያውቀው ከመጽሐፉ ያነበበውን ሳይሆን ከስብከት፣ ከሥዕል፣ ከፊልምና ከሽማግሌ ምክር ያጠራቀመውን ነው። የተጠራቀመው ሲጨመቅ ሦስት ዓይነት ሴት ብቻ ይወጣዋል፦ ዝም ያለች፣ መልኳ ያማረና የወደቀች። መጽሐፉ ሲነበብ ግን ሌላ ነገር ይታያል። እነዚህ ሴቶች የሚመሰገኑት በደረሰባቸው ነገር ወይም በተፈጥሮ ባገኙት ነገር አይደለም፤ ሁኔታውን መርምረው፣ አደጋውን አውቀው፣ አንዱን መንገድ ስለ መረጡ ነው። እምነታቸውም ድፍረታቸውም ያለው በዚያ ምርጫ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች በተለምዶ የሚባሉ ስድስት ነገሮች ከተጻፈው ጋር፣ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ጋርና ከሰሜን ሸዋ ታሪክ ጋር ይመዘናሉ።

ተረት 1፦ «የቅዱሳት ሴቶች ጌጣቸው ዝምታ ነው»

ለዚህ አባባል ምስክር ተደርጋ የምትቀርበው ብዙ ጊዜ የሳሙኤል እናት ሐና ናት፤ ድምፅዋ ሳይሰማ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ጸልያለችና። ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ካህኑ ዔሊ ከንፈሯን አይቶ የሰከረች መሰለውና ገሠጻት። ዝምታ ጌጥ ቢሆን ኖሮ ዝም የምትለው ያን ጊዜ ነበር፤ የሚገሥጻት ሊቀ ካህናት ነው፣ ቦታው የእግዚአብሔር ቤት ነው፣ እርሷም መካን ተብላ በጣውንቷ የምትዘለፍ ሴት ናት። እርሷ ግን በአክብሮት፣ ነገር ግን ሳትሸሽ መለሰችለት፤ የወይን ጠጅ እንዳልቀመሰች፣ ነፍሷን በአምላኳ ፊት እንዳፈሰሰች፣ ከምናምንቴዎች ጋር እንዳይቈጥራት ነገረችው። ካህኑም ቃሉን ሽሮ መረቃት። በቀጣዩ ምዕራፍ ደግሞ የኃያላን ቀስት እንደሚሰበርና ድኻው ከትቢያ እንደሚነሣ የሚናገር ረጅም ጸሎት ከአፏ ይወጣል። ይህ ጸሎት የት እንደሚገኝ የሚያውቁት ዳዊት የደገሙ ሁሉ ናቸው። በግዕዙ ዳዊት ከ150ው መዝሙራት ቀጥሎ 15 ጸሎተ ነቢያት አሉ፤ ከሙሴ፣ ከዕንባቆምና ከሦስቱ ወጣቶች ጸሎት ጋር የሐና ጸሎት አንዱ ነው፣ የእመቤታችን ጸሎትም ሌላው ነው። ስለዚህ በመንዝም፣ በቡልጋም፣ በአንኮበርም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ተቀምጦ ዳዊት የሚደግም ተማሪ ሁሉ የሁለት ሴቶችን ቃል ከነቢያት ቃል ጋር በአፉ ይይዛል። ዝምታን የሴት ትልቁ ምግባር አድርጋ የምትቈጥር ቤተ ክርስቲያን የሴቶችን ንግግር የዘወትር ጸሎት አታደርገውም ነበር።

«እመቤታችን ግን የሰማችውን ሁሉ በልቧ ትጠብቅ ነበር» የሚል መልስ ይመጣል፤ ሉቃስም በምዕራፍ 2 እንዲህ ያለ ነገር ጽፏል። በልብ መጠበቅ ግን ማሰላሰል እንጂ አፍ መያዝ አይደለም። ይኸው ሉቃስ በምዕራፍ 1 ገብርኤል ሲያበሥራት ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንደ ጠየቀችው፣ መልሱን ሰምታም ፈቃዷን እንደ ሰጠች ይተርካል። ጥያቄዋ ክህደት ተብሎ አልተቈጠረባትም። በቃና ዘገሊላ፣ ጥር 12 በምናከብረው ታሪክ፣ ወይን ማለቁን አይታ ለልጇ የነገረችው እርሷ ናት፤ አገልጋዮቹንም ያዘዘቻቸው እርሷ ናት። ይህ ነገር ለደብረ ብርሃን ሰው የተለየ ትርጉም አለው። ከተማዋን የቈረቈሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት) የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩና ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ያዘዙ፣ በተጉለትም ደብረ ምጥማቅን በስሟ ያሠሩ ንጉሥ ናቸው። ለእርሷ ይህን ሁሉ ክብር የሰጡት ንጉሥ ሥልጣናቸውን በብርቱ ክንድ የሚያስከብሩ ሰው ነበሩ፤ ያከበሯት እናት ግን በጸሎቷ ገዦች ከዙፋናቸው እንደሚዋረዱ፣ ትሑታንም ከፍ እንደሚሉ ተናግራለች። እመቤታችንን ማክበር የሴትን ዝምታ ማወደስ ነው የሚል ሰው ጸሎቷን አላነበበም ማለት ነው።

ተረት 2፦ «ዲቦራ የተነሣችው ወንድ ስለ ጠፋ ነው»

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አባባል ከዲቦራ ታሪክ ጋር ሲጋጭ መውጫ ተደርጎ የሚቀርበው ይህ ማብራሪያ ነው፤ እግዚአብሔር ሴትን ያስነሣው ወንዶችን ለማሳፈር ነው ይባላል። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 4 ግን ነገሩን የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። ጦርነቱ ከመታወጁ በፊት ዲቦራ ነቢይት ነበረች፤ በተራራማው የኤፍሬም አገር፣ በራማና በቤቴል መካከል ከዘንባባዋ ሥር ተቀምጣ ትፈርድ ነበር፤ ሕዝቡም ለፍርድ ወደ እርሷ ይወጣ ነበር። ሥልጣኗ የአንድ ቀን አጋጣሚ ሳይሆን የታወቀ ሥራ ነበር። ባርቅን አስጠርታ 10,000 ሰው ይዞ ወደ ታቦር ተራራ እንዲወጣ ያዘዘችው እርሷ ናት፤ ጠላት 900 የብረት ሠረገላዎች ነበሩት። ባርቅ እርሷ ካልሄደች እንደማይሄድ ሲናገር፣ ክብሩ ለሴት እንደሚሆን ነግራው አብራው ሄደች። ወንድ አልጠፋም፤ አሥር ሺህ ወንድ ነበር። የጠፋው ቃሉን የሚናገርና ሰዓቱን የሚለይ ሰው ነበር፤ እርሱም በዲቦራ ተገኘ።

«ባርቅ በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 ከእምነት ጀግኖች ጋር ተጠርቷል፤ ዲቦራ አልተጠራችም» የሚለው መቃወሚያ ጠንካራ ነው፤ መልስም ይገባዋል። መጀመሪያ፣ ያው ምዕራፍ ሣራንና ረዓብን በስማቸው ጠርቷል፤ ሙታናቸውን በትንሣኤ የተቀበሉ ሴቶችንም አንሥቷል። ስለዚህ ሴቶችን ለማስቀረት የተዘጋጀ ዝርዝር አይደለም። ሁለተኛ፣ ባርቅ ባመነ ጊዜ ያመነው ምንን ነው? በዲቦራ አፍ የተነገረውን ቃል ነው። እርሱ ሲመሰገን የእርሷ ትንቢት እውነት መሆኑ አብሮ ይመሰከራል። ሦስተኛውና ወሳኙ ማስረጃ የነቢይት ሕልዳና ታሪክ ነው። በንጉሥ ኢዮስያስ በ18ኛው ዓመት የሕጉ መጽሐፍ በቤተ መቅደስ ሲገኝ፣ ንጉሡ ሊቀ ካህናቱን ኬልቅያስንና ሹማምንቱን ቃሉን እንዲጠይቁ ላከ፤ እነርሱም የሄዱት ወደ ሕልዳና ነው። ኤርምያስ ትንቢት የጀመረው በዚሁ ንጉሥ በ13ኛው ዓመት በመሆኑ በዚያ ጊዜ ነቢይ ወንድ ነበረ። ነቢይ ወንድ እያለ ሊቀ ካህናት ወደ ነቢይት ከሄደ «ወንድ ስለ ጠፋ» የሚለው ማብራሪያ ይፈርሳል።

በአገራችን ታሪክም ተመሳሳይ ማስረጃ አለ። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ከምኒልክ ጋር የተክሊል ጋብቻ ፈጸሙ። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያን በጣሊያን ጥላ ሥር የሚያደርግ ሆኖ በተገኘ ጊዜ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከሁሉ ጠንክረው ከተቃወሙት አንዷ እርሳቸው ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ የመሸገው የጣሊያን ጦር የሚጠጣውን ውኃ የቈረጠውም የእርሳቸው ምክርና የእርሳቸው ጦር ነበር። በዚያ ዘመቻ ምኒልክ ነበሩ፤ ራስ መኰንን፣ ራስ አሉላ፣ ራስ መንገሻም ነበሩ። ጣይቱ የሞሉት የወንድ ክፍት ቦታ አልነበረም፤ ያመጡት ሌሎቹ ያላዩትን ስልት ነው። የዲቦራን ታሪክ በዚህ ዓይን የሚያነብ ሰው ሴትዮዋን የቅጣት ምልክት አያደርጋትም፤ ጥሪዋን ተቀብላ የሠራች መሪ መሆኗን ያያል።

ተረት 3፦ «አስቴርና ዮዲት ያሸነፉት በመልካቸው ነው»

አስቴር ቆንጆ እንደ ነበረች መጽሐፉ አይደብቅም፤ ወደ አርጤክስስ ቤተ መንግሥት ያስገባትም መልኳ ነው። ሕዝቧን ያዳነው ግን መልኳ አልነበረም። ሐማ አይሁድን ለማጥፋት ዐዋጅ ባስወጣ ጊዜ መርዶክዮስ ወደ ንጉሡ እንድትገባ ሲልክባት የመጀመሪያ መልሷ ፍርሃት ነበር፦ ሳይጠራ የገባ እንደሚሞት ሕጉ ያዝዛል፣ እርሷም ከተጠራች 30 ቀን ሆኗታል። ይህ ዝርዝር ስለ መልኳ ብዙ ይናገራል፤ ውበት ብቻውን ኃይል ቢሆን ኖሮ ንጉሡ ወር ሙሉ አይረሳትም ነበር። ቀጥሎ ያለው ሁሉ የአእምሮና የእምነት ሥራ ነው። ሕዝቡ ሦስት ቀን እንዲጾም አዘዘች፤ እርሷም ከደንገጡሮቿ ጋር ጾመች፤ ብጠፋም እጠፋለሁ ብላ ገባች። ንጉሡ እስከ መንግሥቱ እኩሌታ ጠይቂኝ ሲላት እንኳ ወዲያው አልለመነችም፤ አንድ ግብዣ፣ ከዚያም ሁለተኛ ግብዣ አዘጋጀች፤ ሰዓቱ ሲደርስ ማንነቷን ገልጣ ሐማን ፊት ለፊት ከሰሰች። ፍርሃቱን ያልደበቀው መጽሐፍ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠን እዚህ ላይ ነው፤ ድፍረት ፍርሃትን ተሸክሞ ውሳኔ ላይ መድረስ እንጂ ፍርሃት አለመኖር አይደለም።

በቤተ መንግሥት ያለች ሴት በምክር አገር ልታድን እንደምትችል ለማየት እስከ አስቴር ከተማ እስከ ሱሳ መሄድ አያስፈልግም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሐድያ ገዥ ቤት ያገቧት እሌኒ እንደ አስቴር ከሌላ ሕዝብ የመጣች ንግሥት ነበረች። በእርግጥ ልዩነት አላቸው፤ አስቴር የወገኗን እምነት ይዛ ቈየች፣ እሌኒ ደግሞ ከእስላም ቤት ተወልዳ ክርስትናን ተቀበለች። የሚያመሳስላቸው ሥልጣናቸው ከጋብቻ ይጀምር እንጂ በጋብቻ አለማብቃቱ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ካረፉ በኋላ እሌኒ በተከታዮቹ ነገሥታት ዘመን ተከብራ ኖረች፤ በ1508 እ.ኤ.አ. ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥም የመንግሥቱ ሞግዚት ሆነች። በቀይ ባሕር በኩል የሚመጣውን አደጋ አስቀድማ አይታ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ወደ ፖርቱጋል ላከች፤ እርሱም በ1514 ሊዝበን ደረሰ፣ የፖርቱጋል መልእክተኞችም በ1520 ኢትዮጵያ ገቡ። እርሷ ካረፈች ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1541፣ በግራኝ ጦርነት መካከል 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች የመጡት በዚያ በተከፈተ መንገድ ነው። ስለ እሌኒ መልክ የሚናገር ብዙ የለም፤ ስለ አርቆ አሳቢነቷ ግን ሥራዋ ይናገራል።

ዮዲት ከሁሉ በላይ የተበደለች ናት፤ በመልኳ ከመወሰኗም በላይ ስሟን ሌላ ሴት ወስዳባታለች። በእኛ አገር «ዮዲት» ሲባል ወደ ብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው በ10ኛው ክፍለ ዘመን አክሱምን ያጠፋችው ዮዲት ጉዲት ናት፤ በትውፊት የአክሱም ነገሥታት ዘር ከእርሷ ሸሽቶ የተጠለለው በሸዋ ስለሆነ ትዝታው በዚህ አካባቢ በተለይ ቅርብ ነው። በ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ የራሷ መጽሐፍ ያላት ዮዲት ግን ሌላ ናት። የጠላት ጦር አዛዥ ሆሎፎርኒስ ከተማዋን ከብቦ ውኃ ሲያሳጣት ሽማግሌዎቹ እግዚአብሔር በአምስት ቀን ካልረዳን እጃችንን እንሰጣለን ብለው ቈረጡ። ይህች ጾመኛ መበለት መጀመሪያ ያደረገችው ማጌጥ አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹን አስጠርታ በእግዚአብሔር ላይ ቀነ ገደብ ታደርጉ ዘንድ እናንተ እነማን ናችሁ ብላ ገሠጸቻቸው። ከዚያ ጸለየች፤ ከዚያ ነው ወደ ጠላት ሰፈር ወርዳ ሆሎፎርኒስን አታልላ የገደለችው። መልኳ መሣሪያ ነበር፤ ያሸነፈው ግን ከመሣሪያው በፊት የነበረው እምነት ነው። «ማታለልና መግደል ምን ዓይነት ትምህርት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ለሁሉም እኩል መሆን አለበት። ዳዊት የጎልያድን ራስ ሲቈርጥ ድፍረቱን እንጂ መቍረጡን አንማርም፤ ጌዴዎን በሌሊት ጠላቱን ሲያደናግር ብልሃቱን እናደንቃለን። ወንዱን በጦርነት ሕግ፣ ሴቲቱን በሰላም ጊዜ ሥነ ምግባር የሚመዝን ሰው ሁለት ሚዛን ይዟል።

ተረት 4፦ «መግደላዊት ማርያም ጋለሞታ ነበረች፤ ቤርሳቤህም ዳዊትን አሳተችው»

አራቱም ወንጌላት መግደላዊት ማርያምን ጋለሞታ አይሏትም። ሉቃስ በምዕራፍ 8 የሚነግረን ሰባት አጋንንት እንደ ወጡላት፣ ከዮሐናና ከሶስና ጋርም ከገንዘቧ እየረዳች ጌታን እንደ ተከተለች ነው። ከዚያ በፊት በምዕራፍ 7 እግሩን በእንባዋ ያጠበች ኃጢአተኛ ሴት አለች፤ ስሟ ግን አልተጻፈም። ሁለቱን አንድ ያደረገ ታዋቂ ስብከት በ591 እ.ኤ.አ. የሮም ጳጳስ ጎርጎርዮስ ያደረጉት ነው፤ የምዕራቡ ዓለም ሥዕልና በኋላም ፊልም ይህንኑ ተከተለ። የሮም ቤተ ክርስቲያን ራሷ በ1969 የበዓላት መጽሐፏን ስታሻሽል ሁለቱን ለይታለች። «ስም ያወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይባላል፤ እኛ ግን ከቤታችን ያልወጣ ስም ከጎረቤት ተቀብለን ነው የምንጠራት። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መግደላዊት ከ36ቱ ቅዱሳት አንስት አንዷ ናት፤ 12ቱ ሐዋርያትና 72ቱ አርድእት ከእነዚህ ሴቶች ጋር ተቈጥረው ነው መቶ ሃያው ቤተሰብ የሚሞላው። በትንሣኤ ሳምንትም ቅዳሜ «ቅዱሳት አንስት» ተብሎ ለእነርሱ ተሰይሟል። ምክንያቱም ዮሐንስ በምዕራፍ 20 እንደሚተርከው ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው ደጅ ዘግተው በተቀመጡበት ቀን ገና ጨለማ ሳለ ወደ መቃብሩ የሄደችው፣ የትንሣኤውንም ዜና እንድታደርስ የተላከችው እርሷ ናት።

የቤርሳቤህ ነገር ከዚህ ይብሳል፤ በእርሷ ላይ የተፈጸመው በደል ወደ በደለኛነት ተለውጦባታልና። 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 ንጉሡ ከሰገነቱ ሆኖ እንዳያት፣ ማንነቷን እንዳስጠየቀ፣ የሰው ሚስት መሆኗ ተነግሮትም መልእክተኞች ልኮ እንዳስመጣት ይናገራል። እርሷ አሳሳተችው የሚል ቃል የለም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሲገሥጽ በምሳሌው ያቀረባት ከድኻው እቅፍ የተነጠቀች አንዲት በግ አድርጎ ነው፤ በደለኛው አንተ ነህ የተባለውም ንጉሡ ነው። ዳዊት ራሱ ጥፋቱን ሲያምን በእርሷ አላላከከም። ዳዊት ያላደረገውን ማመካኛ እኛ ልናደርግለት አይገባም። እዚህ ላይ «ታዲያ የወደቀች ሴት በመጽሐፉ የለችም ልትሉ ነው?» የሚል ይኖራል። አለች፤ ረዓብ ጋለሞታ እንደ ነበረች በግልጽ ተጽፏል፣ መሸፈንም የለበትም። መጽሐፉ ግን በቀድሞ ሥራዋ አላቆማትም፤ የኢያሪኮ ንጉሥ ሰዎች ደጇን ሲያንኳኩ የእስራኤልን ሰላዮች ለመደበቅ ሕይወቷን አስይዛለች፤ ማቴዎስም ከትዕማር፣ ከሩትና ከኦርዮ ሚስት ከቤርሳቤህ ጋር በጌታ የዘር ሐረግ ውስጥ ጽፏታል። ያለ ማስረጃ ኃጢአት መለጠፍም፣ ኃጢአት የነበረባትን በዚያው ማሰርም መጽሐፉ የማያደርገው ነገር ነው።

ተረት 5፦ «የንግሥተ ሳባ ክብሯ ምኒልክን መውለዷ ነው፤ ይህም በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፏል»

1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 10 ስለ ንግሥተ ሳባ ሲናገር ስሟን አይጠራም፤ ልጅ ወለደችም አይልም። የንግሥቲቱ የማክዳና የልጇ የቀዳማዊ ምኒልክ ታሪክ የሚገኘው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ በግዕዝ በተዘጋጀው ክብረ ነገሥት ነው። ታሪኩ ለኢትዮጵያ መንግሥት መሠረት ሆኖ ኖሯል፤ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በአንጎለላ በ1836 ዓ.ም. የተወለደው የሸዋ ልጅ ምኒልክ የተባለው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ የ1923ቱም ሆነ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የነገሥታቱን ዘር ከእርሷ ቈጥሯል። ይህን ትውፊት ማክበርና ከመጽሐፍ ቅዱሱ መለየት አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። ሁለቱን መቀላቀል ግን አንድ ነገር ያስቀርብናል፤ ንግሥቲቱን የወንድ ልጅ እናትና የንጉሥ ወዳጅ ብቻ አድርጎ ያስቀራታል። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያመሰግናት ጥበብን ፍለጋ ረጅም መንገድ ተጉዛ፣ በልቧ ያለውን ጥያቄ ሁሉ ሳታፍር ስለ ጠየቀች ነው። ጌታም በማቴዎስ ምዕራፍ 12 ንግሥተ አዜብ ብሎ ያነሣት በፍርድ ቀን በማይሰማ ትውልድ ላይ የምትፈርድ ምስክር አድርጎ ነው፤ ምክንያቱን ሲሰጥም ጥበብ ለመስማት ከምድር ዳር መምጣቷን ብቻ ጠቀሰ። ክብረ ነገሥት ራሱ ስለ ጥበብ ፍቅሯ በሰፊው ይናገራል። ስለዚህ በሁለቱም መጻሕፍት የመጀመሪያው ክብሯ የመጠየቅ ድፍረት ነው፤ ዘሩ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ተረት 6፦ «ቅድስት ማለት ሳትሳሳት የኖረች፣ ከዓለም የተለየች ሴት ናት»

ይህ አባባል ሴቶቹን ያከበረ ይመስላል፤ በሥራው ግን ለአንባቢዋ ሴት ደጁን ይዘጋባታል፤ ቅድስና ለባለትዳርና ለእናት የማይደረስ ነገር ይሆናልና። መልሱ ከሰሜን ሸዋ ራሷ ይገኛል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበረችው ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ የቡልጋ ልጅ ናት። ገድሏ እንደሚተርከው ባለትዳርና የልጆች እናት፣ ሀብት ያላት እመቤት ነበረች፤ አንድ ቀን በቍጣ አገልጋይዋን ገደለች። በሠራችው ደንግጣ አምላኳን ለመነች፤ አገልጋይዋ በተአምር ከተነሣች ዓለምን ለመተው ተሳለች፤ ስእለቷም በተሰማ ጊዜ ቃሏን ጠብቃ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ በኋላም ወደ ጣና ሄደች። ገድሉን የጻፉት አባቶች ይህን ወንጀል ሊሰውሩት ይችሉ ነበር፤ አልሰወሩትም። የበደለችው ከእርሷ በታች ያለችን ሴት መሆኑን ጭምር ጽፈው አስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ የተረከላት ልመና ደግሞ ከሁሉ ይደንቃል፤ የሰው ልጅ ከፈተና እንዲያርፍ ዲያብሎስ ይቅር እንዲባል ክርስቶስን ለመነች፣ ልታስታርቀውም ወደ ሲኦል ወርዳ በቅዱስ ሚካኤል አጋዥነት ተመለሰች። ድፍረቷ የጀመረው ጥፋቷን ከማመን ነው፤ ያበቃው ማንም ባልደፈረው ልመና ነው። ነሐሴ 24 በዓሏን የሚያከብር ሰው የሚያከብረው እንከን የሌላትን ሴት ሳይሆን ከእንከኗ የተነሣችን ሴት ነው።

አንድ መቃወሚያ ይቀራል

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ጳውሎስ ሴቶች በማኅበር ዝም ይበሉ ብሏል፤ ነገሩ ተዘግቷል» የሚል አለ። 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 14 በእርግጥ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አለው። ነገር ግን በዚያው መልእክት ምዕራፍ 11 ሐዋርያው ሴት ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር ራሷን እንድትከናነብ ያዝዛል፤ ፈጽማ እንዳትናገር የተከለከለች ሴት በምትናገርበት ጊዜ ስለ መከናነቧ ሥርዓት አያስፈልጋትም ነበር። በምዕራፍ 14ም ዝም በሉ የተባሉት ሴቶች ብቻ አይደሉም፤ የሚተረጉም ሲታጣ በልሳን የሚናገር፣ ለሌላው ሲገለጥለትም ቀድሞ ይናገር የነበረ ነቢይ ዝም እንዲሉ ታዘዋል። የምዕራፉ ጉዳይ የማኅበር ሥርዓት ነው። ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 16 ፌቤንን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ብሎ አደራ ሰጥቷል፤ ሉቃስም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ጵርስቅላ ከባሏ ከአቂላ ጋር አዋቂውን አጵሎስን ወስዳ መንገዱን በይበልጥ እንዳስረዳችው ጽፏል። ይህ ስለ ክህነት የሚደረግ ክርክር አይደለም፤ ዲቦራም፣ አስቴርም፣ መግደላዊትም ካህናት አልነበሩም። እምነትና ድፍረት ግን ከክህነት ማዕረግ ጋር የታሰሩ ነገሮች አይደሉም። «ይህ አሁን ከውጭ የመጣ አስተሳሰብ ነው» የሚለውም አያስኬድም። የሐናን ጸሎት በዳዊት ውስጥ ያኖሩት፣ 36ቱን አንስት ከሐዋርያት ጋር የቈጠሩት፣ የክርስቶስ ሠምራን ገድል የጻፉት የእኛው የጥንት ሊቃውንት ናቸው። ከውጭ የመጣ ነገር ካለ የመግደላዊት ስም መጉደፍ ነው።

ልዩነቱ የንባብ ብቻ አይደለም፤ በኑሮ የሚያስከትለው ነገር አለ። ልጃገረድ አስቴርን በመልኳ ብቻ ከተማረች የምትማረው መመረጥን መጠበቅ ነው፤ ቤርሳቤህን እንደ አሳች ከተማረች በእርሷ ላይ የሚፈጸም በደል ሁሉ የራሷ ጥፋት ይመስላታል፤ ሐናን በዝምታዋ ብቻ ከተማረች ያለ ጥፋቷ ስትወነጀል መልስ መስጠት ኃጢአት ይሆንባታል። ወንዶች ልጆችም ከዚያው ትምህርት የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ስለዚህ በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በማኅበር የእነዚህ ሴቶች ታሪክ ሲነሣ ሦስት ጥያቄዎች አብረው ቢነሡ ይበቃል፦ ይህች ሴት ምን ታውቅ ነበር? ምን ልታጣ ትችል ነበር? ምንስ መረጠች? መልሱን ከተወራው ሳይሆን ከተጻፈው የሚፈልግ ሰው ተረቱን ሌላ ሰው እስኪያርምለት አይጠብቅም፤ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ብቻ ይበቃዋል።